የአምባሰል ዜማና የመሰንቆው መልስ
(በሸክላና በካሴት የተቀረጸ ዘፈን እንዴት እንደሚደመጥ በራዲዮ የተነገረ)



ዘፈን ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የዘፋኙን ድምፅና ግጥሙን ነው። ድምፁን ያጀበው መሰንቆ ወይም ክራር ምን እንዳለ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ይህንኑ ጉዳይ ሲሆን፣ ምሳሌ የምናደርገውም ስሙን ከገዛ አገሩ የወሰደውን የአምባሰልን ቅኝት ነው። አሳባችን ባጭሩ ሲነገር፣ የአምባሰል ዘፈን የሁለት ወገን ጭውውት ነው፤ አንዱ ወገን የሰው ድምፅ፣ ሌላው የክር ድምፅ ነው። አንዱን ብቻ የሰማ ሰው የዘፈኑን ግማሽ ብቻ ሰምቷል ማለት ይቻላል።

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው ከአጠገቧ ካለው ሐይቅ ሲሆን፣ በዚያም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስሙ የገነነው የእስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። መንገደኛው ጉዞውን ቢቀጥል በ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባትን ውጫሌን ያገኛል። አምባሰል ገዥዎቹ ጃንጥራር በሚባል ማዕርግ ይጠሩ የነበሩበት አገር ነው፤ እቴጌ መነንም የጃንጥራር አስፋው ልጅ ነበሩ። ከታወቁት ከአራቱ ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአንቺሆዬና ከአምባሰል፣ ሁለቱ በወሎ ምድር በሚገኙ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው። ይህም የወሎ ሰው ለዜማ ያለውን ፍቅር ለማስረዳት ይበቃል።

አምባሰል ከሌሎቹ ቅኝቶች የሚለየው በምንድን ነው? ፒያኖ ወይም ኦርጋን በአጠገባችሁ ቢገኝ ነገሩን በቀላሉ መመርመር ትችላላችሁ። ጥቁሮቹን ሳትነኩ፣ ከነጮቹ መካከል ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ የሚባሉትን አምስት ድምፆች በተራ ምቱና ወደ ሚ ተመለሱ። ይህ የአምባሰል መንገድ ነው። አሁን ደግሞ እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከላ ጀምሩና ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብላችሁ ወደ ላ ተመለሱ፤ በኀዘን የተሞላውን የትዝታ ዓይነት ታገኛላችሁ። አምስቱ ድምፆች ያው ናቸው፤ የተለወጠው ዜማው የሚያርፍበት ቤት ብቻ ነው። ትዝታ ሲያርፍ ከቤቱ በላይ ያለው ድምፅ አንድ ሙሉ እርምጃ ይርቃል። አምባሰል ሲያርፍ ግን ፋ በሚ ላይ ተጠግቶ፣ በግማሽ እርምጃ ብቻ ተለይቶ ይቆያል። ስለዚህ ዘፋኙ ወደ ማረፊያው ሲወርድ፣ ደጃፍ ላይ ደርሶ ለመግባት እንደሚያመነታ ሰው በዚያች በግማሽ እርምጃ ላይ ጥቂት ይዘገያል። የአምባሰል ስሜት በብዙው ያለው በዚህች መዘግየት ውስጥ ነው።

ወደ መሣሪያዎቹ እንለፍ። መሰንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ያለው ነው። ተጫዋቹ በቀኝ እጁ ደጋኑን ይስባል፤ በግራ እጁ ጣቶች ክሩን ከጎን እየነካ ድምፁን ይለውጣል። ጣቶቹን የሚያግድ ምልክት በአንገቱ ላይ ስለሌለ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እንደ ሰው ጉሮሮ ተንሸራትቶ ለመሄድ ይችላል። ክራር ግን አምስት ወይም ስድስት ክሮች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ክር አስቀድሞ ለቅኝቱ ይቃኛል፤ ቅኝቱ ሲለወጥ ክሮቹም እንደ ገና መቃኘት አለባቸው። ደርዳሪው አንዳንድ ጊዜ ክሮቹን አንድ በአንድ ይነካል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉንም በአንድነት እየመታ፣ የማይፈልጋቸውን በግራ እጁ ጣቶች አፍኖ የሚፈልጋቸው ብቻ እንዲሰሙ ያደርጋል። እንግዲህ መሰንቆ የዘፋኙን ቃል ተከትሎ የሚያለቅስ፣ ክራር ደግሞ መሬቱን የሚያነጥፍለት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህ የድምፅና የክር ጭውውት በእኛ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በእስፓኝ አገር፣ በአንዳሉሲያ ክፍል፣ ፍላሜንኮ የሚባል ዘፈን አለ። በዚያም ዘፋኙ ወደ ግጥሙ ሳይገባ «አይ» እያለ ረዥም ድምፅ በማውጣት ጉሮሮውን ያሟሟቃል፤ ጊታር የያዘው ሰው ዓይኑን ከዘፋኙ ሳይነቅል እስትንፋሱን ይጠብቃል፤ ስንኙ ሲያልቅ በራሱ ዜማ መልስ ይሰጣል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ የፍላሜንኮ ዜማዎች ላ፣ ሶል፣ ፋ ብለው ወርደው በሚ ላይ ያርፋሉ፤ የማረፊያቸው ግማሽ እርምጃ ከአምባሰል ጋር አንድ ነው። ይህን ስንል ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ተቀዱ ማለታችን አይደለም፤ አንዱን ለማድመጥ የለመደ ጆሮ ሌላውን በቶሎ ይረዳል ማለታችን ነው። እስፓኞች ለአጃቢው የሚሰጡት ክብር ደግሞ ትምህርት ይሆነናል። ካማሮን ዴ ላ ኢስላ የተባለው ዝነኛ ዘፋኝ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 ባወጣቸው ሸክላዎች ላይ ጊታር የመታለት ፓኮ ዴ ሉሲያ እንደ ሆነ ወዳጆቹ ሁሉ ያውቃሉ። የሁለቱ ስም ተለያይቶ አይነሣም።

የእኛም ዘፈን በሸክላ መቀረጽ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ጀርመን አገር ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ አማሃ እሸቴን የመሳሰሉ ነጋዴዎች ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። በዚያው ዘመን ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ በክራራቸው እየዘፈኑ፣ ጌታመሳይ አበበ በመሰንቆ እያጀቧቸው የተቀረጸው፣ ኋላ ኢትዮፒክስ በሚባለው በፓሪስ በሚታተመው ተከታታይ ውስጥ 16ኛው ሆኖ ወጥቷል። የነጋድራስ ተሰማም ሸክላዎች በ27ኛው ውስጥ ይገኛሉ። ወሎን በተመለከተ፣ አምባሰልንና ባቲን በአገሩ ሁሉ ያሰሙት ወይዘሮ ማሪቱ ለገሠ ናቸው፤ ብዙ ሰውም ድምፃቸውን የተዋወቀው በካሴት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ካለው ቅጂ አንዱን ስታገኙ፣ ሦስት ጊዜ እንድታዳምጡት እንመክራለን። በመጀመሪያው ድምፁንና ግጥሙን ብቻ ተከተሉ፤ ሰሙንና ወርቁን ለዩ። በሁለተኛው ዘፋኙን እንደሌለ ቈጥራችሁ መሰንቆውን ብቻ አድምጡ፤ ስንኙ ሳያልቅ ይገባል ወይስ ጨርሶ ይጠብቃል? የዘፋኙን ዜማ ይደግማል ወይስ አዲስ ነገር ይጨምራል? በሦስተኛው ሁለቱን አንድ ላይ እየሰማችሁ ማረፊያውን ጠብቁ፤ ያችን ግማሽ እርምጃ ማን ቀድሞ እንደሚወርዳት አስተውሉ። ጥሩ አጃቢ አንዳንድ ጊዜ ወደ ቤት ቀድሞ ገብቶ ለዘፋኙ በር ይከፍታል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ውጭ ቀርቶ ያስናፍቀዋል።

ይሁን እንጂ ሸክላ የሚያጐድለውንም ማወቅ ይገባል። የትንሹ ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው የጥቂት ደቂቃ ዘፈን ብቻ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሊዘልቅ የሚችለው ጨዋታ በግድ ያጥራል። በአዝማሪ ፊት የተቀመጠ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። በሸክላ ላይ ግን ተቀበል የሚል የለም። ስለዚህ በቅጂ የምንሰማው ሦስተኛው ተነጋጋሪ፣ አድማጩ፣ የጐደለበትን ጭውውት ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያሳስበናል? ዛሬ በብዙ ሠርግና በብዙ ምሽት ቤት አምባሰል ሲዘፈን በመሰንቆው ፈንታ ኦርጋን ይሰማል። ኦርጋንን ለመንቀፍ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። ነገር ግን የኦርጋን ድምፅ በየቦታው ተወስኖ የተቀመጠ ስለሆነ፣ በሚና በፋ መካከል ያለውን መንሸራተት እንደ መሰንቆ ጣት አድርጎ ለመናገር ያስቸግረዋል። መሰንቆን ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ እጁን እያየ ይማረው ነበር። ያ መቀመጫ ባዶ በሆነበት ቤት ሁሉ የቀረው መምህር አሮጌው ቅጂ ነው። መምህሩ ደግሞ ይሞታል፤ የካሴት ክር በእርጥበትና በአቧራ ይበላሻልና።

ስለዚህ በሐይቅም ሆነ በውጫሌ፣ በደሴም ሆነ በባዕድ አገር የምትኖሩ አንባቢዎቻችን፣ በቤታችሁ ከሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ካሴት ወይም ሸክላ ቢኖር አውጥታችሁ በአዲሱ መሣሪያ አስገልብጡት። ስትገለብጡም ዘፈኑ መቼና የት እንደ ተቀረጸ ከሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ። በልባሱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የዘፋኙ ስም ብቻ ነውና፣ መሰንቆውን የመታው ማን እንደ ነበረ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ስሙን የሚያውቅ ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት ካለ፣ ነገ የሚነግረን ላናገኝ እንችላለን። የመላሹን ስም ሳንጽፍ ብናልፍ ግን፣ ልጆቻችን የሚወርሱት ጥያቄው ተሰምቶ መላሹ ያልታወቀ ጭውውት ይሆናል።