ስለቱ ስንት ደቂቃ ይቁረጥ?
ቶርኖ ላይ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ «ፍጥነት ጨምር፣ ወጪ ይቀንሳል» የሚለውን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። መሐንዲሱ ቴይለር በ1907 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር እንደሚያሳየው፣ ፍጥነት በጥቂቱ ሲጨምር የስለት ዕድሜ በብዙ ያጥራል። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚህ ስቶክሆልም የሆነው የስለት አምራቹ ሳንድቪክ በኮሮማንት የስለት ካታሎጉ የሚያስቀምጠው ፍጥነት ለ15 ደቂቃ የስለት ዕድሜ የታሰበ ነው። የእናንተ ወጪ ግን የራሳችሁ ነው።

ስለት መቀየር 2 ደቂቃ ይፍጅ፤ አንዱ ጠርዝ 40 ክሮና፣ ማሽንና ሠራተኛ በደቂቃ 10 ክሮና ያስወጡ እንበል። 40 ለ10 ሲካፈል 4፤ 2 ሲደመርበት 6። በቀመሩ ውስጥ ያለው የቴይለር ኤክስፖነንት 0.25 ከሆነ፣ 1 ለ0.25 ተካፍሎ 1 ሲቀነስለት 3 ስለሚሆን፣ 6ቱ በ3 ይባዛል፤ ወጪን ከሁሉ የሚያሳንሰው የስለት ዕድሜ 18 ደቂቃ! ከካታሎጉ ፍጥነት 4 በመቶ ተኩል ያህል ዝቅ ማለት ነው። ስለት ተወዶ የማሽን ሰዓት በሚረክስበት አገር ደግሞ ከዚያም ቀስ በሉ። ምርት ለማፋጠን መጀመሪያ ጥልቀቱን፣ ቀጥሎ ፊዱን ጨምሩ፤ ፍጥነቱን በመጨረሻ ንኩት።