ጥይት ሰው ገፍቶ ይጥላል? የኮልት 45 ዝና በፊዚክስ ሚዛን

የሽጉጥ ወሬ በተነሳ ቁጥር ኮልት 45 ከፊት ይሰለፋል። አሜሪካውያን ወታደሮች «ጣትን እንኳ ቢመታ ሰው ዘርሮ ይጥላል» ሲሉለት ኖረዋል፤ ፊልሞችም የተመታውን ሰው ከመሬት አንስቶ ሲወረውረው ያሳያሉ። ሽጉጡ የታላቅ ነዳፊ ሥራ ነው። ሰው ይዘርራል የሚለው ዝናው ግን ከልክ በላይ የተጋነነ ነው፤ ለዚህም በትምህርት ቤት የምንማረው የኒውተን ሕግ በቂ ምስክር ነው።

ዝናው መነሻው ፊሊፒንስ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የአሜሪካ ጦር ከሞሮ ተዋጊዎች ጋር ሲዋጋ፣ 38 ካሊበር ሽጉጥ ደጋግሞ የመታውን ሰው እንኳ ማስቆም አቃተው የሚል አቤቱታ በዛ። እ.ኤ.አ. በ1904 መኮንኑ ጆን ቶምሰንና ሐኪሙ ሉዊስ ላጋርድ የተለያዩ ጥይቶችን በቺካጎ ቄራ በቁም ከብቶች ላይ፣ እንዲሁም በተንጠለጠሉ አስከሬኖች ላይ ተኩሰው ሞከሩ። አስከሬኑ ምን ያህል እንደተወዛወዘ በዓይን እየገመቱ መዘገቡ። ከብቶቹ ጥቂት፣ ልኬቱም ግምት የበዛበት ነበር። ድምዳሜያቸው ግን ቁርጥ ያለ ነው፦ የጦሩ ሽጉጥ ከ45 ካሊበር እንዳያንስ። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ኮልት በ1911 ለጦሩ ተመረጠ፤ በ1985 በቤሬታ ሽጉጥ እስኪተካ ድረስም ዘለቀ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የኮልት 45 አረር 15 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 250 ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የአረሩን ግፊት ሙሉ በሙሉ ቢቀበል፣ ወደ ኋላ የሚሄደው በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በኒውተን ሕግ መሠረት ተኳሹም ቢያንስ ያንኑ ያህል ግፊት በእጁ ይቀበላል። ጥይቱ የተመታውን የሚዘርር ቢሆን ኖሮ ተኳሹንም በጀርባው ባነጠፈው ነበር።

በጉልበትም ቢሆን ከአነስተኛ ጥይቶች ጋር ያለው ልዩነት የሚወራለትን ያህል አይደለም። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት አረር 7.5 ግራም ገደማ ቢሆንም ፍጥነቱ በሰከንድ 360 ሜትር ይደርሳል። ሁለቱም 480 ጁል አካባቢ ጉልበት ይይዛሉ።

ታዲያ የተመታ ሰው ለምን ይወድቃል? አንጎል ወይም የላይኛው ህብለ ሰረሰር ሲጎዳ ወዲያው ይወድቃል፤ ካልሆነ ደም ፈስሶ አንጎል ኦክስጅን እስኪያጣ ጊዜ ይወስዳል። ልቡ የተመታ ሰው እንኳ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ወሳኞቹ የተመታው ቦታና የጥይቱ ጥልቀት ናቸው። ኤፍ ቢ አይ በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት መርማሪዎቹ ከተገደሉበት የተኩስ ልውውጥ በኋላ ወደ ትልልቅ ጥይቶች ዞሮ ነበር። የማሠልጠኛ ክፍሉ በ2014 የደረሰበት መደምደሚያ ግን 9 ሚሊ ሜትር ይበቃል፣ አብዛኞቹ ተኳሾችም በእሱ በፍጥነትና በትክክል ዒላማ ይመታሉ የሚል ነው።

ብራውኒንግ ሊመሰገን የሚገባው በአሠራሩ ነው። ቃታው ሲሳብ በርሜሉና ከላዩ ያለው ተንሸራታች ክፍል በጥርስ እንደተቆላለፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በዚያች ቅጽበት አረሩ ይወጣል፤ የባሩዱ ግፊትም ይወርዳል። ከዚያ ከበርሜሉ ሥር ያለች ትንሽ ማያያዣ የበርሜሉን ጀርባ ወደ ታች ትስበዋለች፤ ጥርሶቹም ይላቀቃሉ። ተንሸራታቹ ብቻውን ወደ ኋላ ቀጥሎ ባዶውን ቀለሃ ያስፈነጥራል፤ ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ግሎክን ጨምሮ ዛሬ በፖሊሶች ወገብ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ሽጉጦች ይህንኑ የሚያጋድል በርሜል ወርሰዋል።

የኮልት 45 የተጋነነ ዝና አደገኛ ገጽታ አለው፦ «ትንሽ ጥይት ብዙም አይጎዳም» የሚል መዘናጋትን ይወልዳል። ቦታውን ካገኘ ትንሹም ጥይት ይገድላል። ስለዚህ በቤቱ ሕጋዊ ሽጉጥ ያለው ሁሉ፣ ካሊበሩ ምንም ይሁን ምን፣ ጥይቱን አውጥቶ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቆልፍበት።