የበረዶ ቀራፂ ሙያ

የበረዶ ቀራፂ ከመሮና ከመጋዝ በፊት ጠንቅቆ ማወቅ ያለበት ውኃን ነው። በቤታችን ፍሪጅ የሚረጋው በረዶ መሃሉ ነጭ ነው፤ ቅዝቃዜው ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ አየሩና በውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን መውጫ አጥተው መሃል ላይ ይታፈናሉ። ለቅርፅ የሚፈለገው ግን ወዲያ ማዶውን የሚያሳይ ጥርት ያለ በረዶ ነው። ስለዚህ በልዩ ማሽን ከሥር ወደ ላይ እንዲረጋ ይደረጋል። ከላይ ያለች ትንሽ ፓምፕ ውኃውን ያለማቋረጥ ስታንቀሳቅሰው አየሩና ማዕድኑ ወደ ላይ ይገፋና መጨረሻ ላይ ተጠርጎ ይወጣል። እንዲህ አንድ ብሎክ ለማርጋት ሦስት ቀን ያህል ይፈጃል። በአሜሪካ የተለመደው ብሎክ 1 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ወርድና 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲኖረው ክብደቱ ከ100 ኪሎ ግራም ይበልጣል።

ብሎኩ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ወዲያው አይቆረጥም፤ በጣም የቀዘቀዘ በረዶ ድንገት ሙቀት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ባለሙያው ላዩን የሸፈነው ውርጭ ጠፍቶ በረዶው ጥርት እስኪል ይታገሣል። ከዚያ በሞተር መጋዝ ትልልቁን እየቆረጠ ይጥላል፣ ወፍ የሚቀርፅ ከሆነ በኤሌክትሪክ መሞረጃ ላባዋንና ዓይኗን ያወጣል፣ በስለታም መሮ ያጠራዋል። ሁለት ቁራጭ ሲያጋጥም ሙጫ አይጠቀምም። ሞቅ ባለ የአሉሚኒየም ሳህን ፊታቸውን ደልድሎ ያገናኛቸዋል፤ በመካከላቸው የቀረችው ስስ ውኃ ስትረጋ አንድ አካል ይሆናሉ። ቀጫጭኑ ቦታ ቀድሞ ስለሚቀልጥ የወፏን አንገት ሆን ብሎ ያወፍረዋል። ግብዣው ላይ እንግዶች ሲገቡ መልኳ እንዲያምር፣ ራት ሲያልቅም አንገቷ እንዳይቀነጠስ አስቀድሞ ያሰላል።

ብዙዎቹ ቀራፂዎች ወደ ሙያው የገቡት በሆቴል ማዕድ ቤት በኩል ነው። ለዚህም የቆየ ታሪክ አለው። በለንደን የሳቮይ ሆቴል ዋና ሼፍ የነበረው ኦጉስት ኤስኮፊዬ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ለኦፔራ ዘፋኟ ለኔሊ ሜልባ ክብር ኮክና አይስክሬም ያቀረበላት ከበረዶ በተቀረፀ የስዋን ወፍ ላይ ነበር። ዛሬም ሠርግ፣ የሆቴል ግብዣና የድርጅት ምርቃት ለሙያው ዋና የገቢ ምንጭ ናቸው። የድርጅት ዓርማና ፊደል መቅረፅን በአብዛኛው ኮምፒውተር የሚመራው ማሽን ተረክቦታል። ላባ፣ ፊትና የልብስ እጥፋት ግን አሁንም የሰው እጅ ይሻሉ። ሥራው ጉልበት ይጠይቃል፦ ብሎክ ማንሳት ወገብን ይጎዳል፣ እርጥብ ወለል ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ መያዝ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት መቆም ጣትን ያደነዝዛል።

ሙያው በአደባባይ ጎልቶ የሚታየው በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በምትገኘው በሃርቢን ከተማ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1963 የበረዶ ፋኖስ ትርዒት ተጀመረ፤ ከ1985 ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ በክረምት የሚካሄድ ትልቅ ፌስቲቫል ሆኗል። ሠራተኞች ከሶንግሁዋ ወንዝ ላይ በረዶ በመጋዝ እየቆረጡ ያወጣሉ፤ ቀራፂዎችም ከዚያ ግንብና ቤተ መንግሥት ያንፃሉ። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን ስለሚያልፍ ሥራው ሳይቀልጥ ለሳምንታት ይቆያል። በአላስካዋ ፌርባንክስ የተካሄዱት የዓለም ሻምፒዮናዎችም በዘርፉ ታላቅ ስም ያላቸው ናቸው።

ሥራው ውኃ ሆኖ ስለሚፈስ ሙያውን ቀላል አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ሐውልት የሚቀርፅ ሰው ነገ ተመልሶ ሊያስተካክል ይችላል፤ ለግብዣ በረዶ የሚቀርፅ ግን ነገ የለውም፤ ዕውቀቱን ሁሉ ለዚያች ምሽት ማዋል አለበት። ስለዚህ በሠርግ አዳራሽ የበረዶ ቅርፅ ካጋጠማችሁ ቶሎ ቀርባችሁ እዩት። መጋጠሚያውን ፈልጉ፤ ካጣችሁት ባለሙያው ሥራውን አውቆታል ማለት ነውና ስሙን ጠይቃችሁ አመስግኑት።