መጥባት የመብላት መጀመሪያ ነውን?

የአይጥ ልጅ ሲወለድ ዓይኑም ጆሮውም ዝግ ነው። ፀጉር የለውም፤ ቆሞ መሄድም አይችልም። ያም ሆኖ ማንም ሳያሳየው የእናቱን ጡት ፈልጎ ያገኛል። እንዴት? ማርቲን ታይቸርና ኤልዮት ብላስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት መልሱ ሽታ መሆኑን አሳዩ። የእናትየዋን ጡቶች አጥበው ሽታውን ሲያስለቅቁ ልጆቹ መያዝ ተሳናቸው፤ ጡቶቹን በልጆቹ ምራቅ ሲቀቧቸው ግን መልሰው ያዙ። ገና ምራቁን ያላሳረፈ አዲስ ልጅ ደግሞ የሚመራው በእንሽርት ውሃ ሽታ ነው። እናቲቱ ስትወልድ ራሷን ትልሳለችና ሽታው ጡቷ ላይ ይቀራል። ልጁ ማህፀን ውስጥ ሳለ የለመደውን ሽታ ተከትሎ ነው ጡት የሚደርሰው።

የጥንቸል ልጅ ደግሞ ጊዜ የለውም። እናቱ ወደ ጎጆው የምትመጣው በቀን አንድ ጊዜ ያህል ነው፤ የምታጠባውም ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ብቻ። በዚያች ጊዜ ያልጠባ እስከ ማግስቱ ይራባል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ከጥንቸል ወተት ውስጥ አንድ ሽታ ለይተው አወጡ፤ ይህ ሽታ ብቻውን ሲቀርብላቸው ልጆቹ ወዲያው በአፋቸው ጡት መፈለግ ጀመሩ።

ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው መጥባትን የመብላት የመጀመሪያ ደረጃ አድርጎ ቢወስድ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የአይጥ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢራብም ቢጠግብም ጡት ከቀረበለት ይይዛል። ጡት ለመያዝ ረሃብ አያስፈልገውም፤ ረሃብ ይህን ማዘዝ የሚጀምረው ቆይቶ ነው። ሆል የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ከዚህ አልፎ ሄደ። የአይጥ ልጆችን ጡት ሳያስይዝ፣ ወተቱን በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ሆዳቸው እያስገባ አሳደጋቸው። ጊዜው ሲደርስ ግን ምግብ በልተው ውሃ ጠጥተው እንደ ሌሎቹ አደጉ። በኋላ ባደረገው ሙከራም ገና በጡት ዕድሜ ያሉ የአይጥ ልጆች ሙቀት ባለው ቦታ ሲቀመጡ ከወለል ላይ ወተት ልሰው ሲጠጡ ታዩ። ስለዚህ መጥባትና መብላት ጎን ለጎን የሚያድጉ ሁለት ችሎታዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም።

ልዩነቱ ከጥጃ ሆድ ውስጥም ይታያል። ላም ሣር ስትግጥ መኖው መጀመሪያ የሚገባው ሰፊው የሆድ ክፍል ውስጥ ነው። ጥጃ ሲጠባ ግን በሆዱ ውስጥ ያለ ቦይ ይታጠፍና ወተቱን በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ያደርሰዋል። ጥጃው ሣር መነጨት ሲለምድ ሰፊው ክፍል እያደገ ሥራውን ይረከባል። በእናቲቱም በኩል መጥባት የራሱ ሥራ አለው። ገበሬ ከማለቡ በፊት ጥጃውን ጥቂት የሚያጠባው በከንቱ አይደለም፤ ጥጃው ጡቱን ሲስብ ከላሚቱ አንጎል ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ይለቀቅና በግቷ ውስጥ ያለውን ወተት ገፍቶ ያወርደዋል።

የሰው ልጅ የመጥባት ልምምዱን የሚጀምረው ማህፀን ውስጥ ነው፤ እዚያው ሳለ ጣቱን ይጠባል፣ የእንሽርት ውሃም ይውጣል። መሳብን፣ መዋጥንና መተንፈስን አስማምቶ ማስኬድ የሚችለው ግን በ34ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሕፃን ብዙ ጊዜ በቱቦ የሚመገበው ስለዚህ ነው። ቀኑን ጠብቆ የተወለደው ጉንጩን ሲነኩት ፊቱን ወደ ነካው ነገር አዙሮ አፉን ይከፍታል። ወተት እየወረደለት ሲጠባ በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ይስባል፤ ባዶ ጡት ሲሆን ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ማንኪያ ሲቀርብለት በምላሱ ወደ ውጭ የሚገፋውም ምግቡን ጠልቶ አይደለም። ይህ ከመታነቅ የሚጠብቀው የተፈጥሮ ምላሽ ሲሆን ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ እየጠፋ ይሄዳል።

ጡት ወደ ምግብ ማሸጋገሪያም ነው። እናት የበላችው ምግብ ጣዕም ወደ እንሽርት ውሃና ወደ ወተት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ወይም በማጥባት ወቅት የካሮት ጭማቂ ይጠጡ የነበሩ ሕፃናት ካሮት የገባበትን ገንፎ ከሌሎቹ ይልቅ ወደዱት።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን ከመጀመሪያው ወተት፣ ከእንገር ነው። እንገርን መድፋትና አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማላስ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ እንገር ግን የሚደፋ ነገር አይደለም። ጥጃ በሽታ የሚከላከልበትን አቅም የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱም ይህን ወደ ደሙ የሚያሳልፈው ለአንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው። የሰው ልጅ ከዚህ አቅም ብዙውን ከማህፀን ይዞ ቢወለድም አንጀቱን ከተህዋስያን የሚጠብቅለት እንገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ሌላ ውሃም ቢሆን አይሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየበላ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ። ስለዚህ አራስ ቤት ያላችሁ እናቶችና አያቶች፣ እንገሩን አትድፉት፤ ቅቤውም ለአራሷ ገንፎ ይሁን።