ከጎረመሱ ልጆች ጋር ስለ አካልና ስለ ግብረ ሥጋ መነጋገር



«ዝም አይነቅዝም» የሚል የቆየ አባባል አለን። ከአፍ ያልወጣ ቃል ጉዳት አያመጣም ለማለት ነው። ይህ ምክር ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ስለ አካላቸው መለወጥና ስለ ወንድና ሴት ግንኙነት ማወቅ ለሚፈልጉ ልጆች ግን አይጠቅምም። በዚህ ጉዳይ ወላጅ ዝም ቢል ልጁ መልሱን ከጓደኛ፣ ከመንገድ ወይም ከስልክ ፈልጎ ያገኘዋል። የሚያገኘውም መልስ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው።

ቀድሞ ማን ያስተምር ነበር?

በቀድሞው የቤተ እስራኤል መንደር እናትና አባት ስለዚህ ነገር ከልጆቻቸው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ልማዳቸው አልነበረም። ይሁን እንጂ ልጆች ሳይማሩ አይቀሩም ነበር። ልጃገረድ የወር አበባዋን ስታይ ከመኖሪያ ቤቶች ተለይታ፣ በድንጋይ በተከበበችው የመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ትቀመጣለች። እዚያም ከሌሎች ሴቶች ጋር ስትሆን ስለ ደሙ፣ ስለ ንጽሕናና ስለ መውለድ ከታላላቆቿ ትሰማለች። ወንዱም ልጅ ከታላላቆቹና ከሚዜዎቹ ይሰማል። ከዚህም በላይ ልጆች በለጋ ዕድሜያቸው ይዳሩ ስለ ነበር በጉርምስናና በትዳር መካከል ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነበር።

በእስራኤል ግን ኑሮው ሌላ ነው። የመርገም ጎጆ የለም። አክስትና አያት በሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም ገና በኢትዮጵያ ይኖራሉ። ልጆች እስከ 12ኛ ክፍል ይማራሉ፤ ከዚያም ብዙዎቹ ወደ ሠራዊት ወይም ወደ ብሔራዊ አገልግሎት ይሄዳሉ። ቀድሞ 17 ዓመት የነበረው ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ወደ 18 ዓመት ከፍ ተደርጓል። በ12 ዓመቷ የወር አበባ ያየች ልጅ በ24 ዓመቷ ብታገባ በመካከሉ 12 ዓመት አለ። ለነዚህ 12 ዓመታት አባቶቻችን ያወረሱን መመሪያ የለም፤ በእነርሱ ዘመን አላስፈለገምና። ይህን ክፍተት መሙላት የወላጆች ድርሻ ሆኗል።

መቼ እንጀምር?

ለውጡ ከመድረሱ በፊት መጀመር ይገባል። የጉርምስና ምልክት በሴቶች ልጆች ላይ ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ላይ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይታያል። የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ጊዜውን ጠብቆ ላይመጣ ይችላል። ይህን አስቀድማ ያልሰማች ልጅ ደም ስታይ የታመመች ሊመስላት ይችላል። ወንድ ልጅም በእንቅልፉ ዘር ሲፈሰው ይደነግጣል። ሁለቱም የጤና ምልክት እንጂ በሽታ እንዳልሆነ ከእናንተ አፍ ይስሙ።

ሴት ልጅ እስከ 13 ዓመቷ ጡት ካላጎጠጎጠች፣ እስከ 15 ዓመቷም የወር አበባ ካላየች፣ ወንድ ልጅም እስከ 14 ዓመቱ ምንም ለውጥ ካልታየበት በኩፓት ሆሊም ሐኪም ዘንድ መታየት ይገባቸዋል።

ምን ብለን እንጀምር?

ልጁን አስቀምጦ ረጅም ምክር መስጠት አያስፈልግም። ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ቡና ሲፈላ ወይም በመንገድ አብሮ ሲኬድ የሚነገር አጭር ቃል ይበልጥ ይሰማል። ከምታውቁትም ነገር ጀምሩ። ለምሳሌ ሰባት ቤት መቁጠርን ማስተማር ማን ከማን ጋር ሊጋባ እንደሚችል መናገር ነው። ከዚያ ተነሥቶ ስለ መፋቀር፣ ስለ ትዳርና ስለ መውለድ መቀጠል አይከብድም።

ልጃችሁ ድንገት ቢጠይቃችሁ «ማን ነገረህ?» ወይም «ነውር ነው!» አትበሉት። እንዲህ የተመለሰ ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅም። ኀፍረት ቢይዛችሁ እውነቱን መናገር ይቻላል፦ «ልጄ፣ እኔን መጠየቅሽ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ከእናቴ ጋር እንዲህ ያለ ነገር አውርቼ ስለማላውቅ ትንሽ አፈርኩ። ነገ ማታ ቡና ስናፈላ እነግርሻለሁ።» ቀጠሮውንም አክብሩ።

አንዳንድ ወላጆች መናገር ልጆችን ወደ ግንኙነት ይገፋፋል ብለው ይሰጋሉ። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ግን ስለ ግብረ ሥጋ ተገቢ ትምህርት ያገኙ ልጆች በዚህ ምክንያት ግንኙነት ቀድመው እንደማይጀምሩ አሳይተዋል። ስለ ክብር፣ ስለ ድንግልናና ስለ ትዳር ያላችሁንም እምነት ለመናገር ቦታው ይኸው ነው። ከትእዛዙ ጋር ምክንያቱ ይነገራቸው። ለሴት ልጅ ብቻ ሳይሆን ለወንድም ልጅ፣ እምቢ የተባለ ሰው መተው እንዳለበት አባቱ ይንገረው።

ከቤት ውጭ ያለው

በ8ኛ ክፍል ለተማሪዎች የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት ይሰጣል፤ ለሴቶች ከ2013፣ ለወንዶችም ከ2015 ጀምሮ። ይህ ቫይረስ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ሲሆን የማኅፀን በር ካንሰርና ሌሎች ካንሰሮችን ያመጣል። ክትባቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ማንኛውም ግንኙነት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ስለዚህ መከተብ ስለ ልጁ ጠባይ የሚናገረው ነገር የለም። ከትምህርት ቤት የመጣውን ወረቀት ሳትረዱት አትለፉት፤ ነርሷን ጠይቁ።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። ከ14 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር የሚደረግ ግብረ ሥጋ እርሷ ፈቅዳለች ቢባል እንኳ በሕግ አስገድዶ መድፈር ነው። የሰውን የራቁት ሥዕል ያለ ፈቃዱ በስልክ ማሰራጨትም በ2014 በወጣው ሕግ እስከ 5 ዓመት እሥራት ያስቀጣል። ወንዶች ልጆቻችሁ ይህን ቀልድ እንዳይመስላቸው፣ ሴቶች ልጆቻችሁም እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባቸው ጥፋቱ የእነርሱ እንዳልሆነ እንዲያውቁ ንገሯቸው። በኢንተርኔት ጥቃት የደረሰባቸው ልጆችና ወላጆቻቸው በስልክ ቁጥር 105 ይረዳሉ።

ዕብራይስጥ ስለሚያውቁ ብቻ ልጆቻችሁን በሐኪም ፊት አስተርጓሚ አታድርጓቸው። እናት ስለ ማኅፀኗ በልጇ አፍ ለመናገር ታፍራለች፤ ልጅም የራሱን ችግር በወላጁ ፊት ይደብቃል። አስተርጓሚ እንዲፈለግላችሁ ጠይቁ፤ ልጁም ከሐኪሙ ጋር ለብቻው የሚነጋገርበት ጊዜ ስጡት።

ልጃችሁ ችግር ቢነግራችሁ

አንዲት ልጅ ፀንሻለሁ ብላ ወይም ተደፍሬአለሁ ብላ ወደ ቤቷ ስትመጣ የምትሰማው የመጀመሪያ ቃል ቀጣዩን ሁሉ ይወስናል። «እንኳን ነገርሽኝ፤ አብረን እንሄዳለን» በሏት። ቁጣው ቢኖርም ይቆይ፤ ሕክምናው ግን አይቆይም። የተደፈረ ሰው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና። እርግዝናን የሚከላከለውም ኪኒን እስከ 5 ቀን ሊሰጥ ቢችልም በፈጠነ መጠን ይበልጥ ይሠራል። ከመታየቷ በፊት አትታጠብ፤ ልብሷም አይታጠብ። ሴቶች በ1202፣ ወንዶች በ1203 ደውለው እርዳታ ሊያገኙ ይችላሉ።

እንዲህ ያለ ቀን የማይመጣበት ቤት ብዙ ነው። ቢመጣ ግን ልጅቱ ወደ እናቷ የምትሮጠው በደህናው ጊዜ ስትጠይቅ መልስ አግኝታ ከነበረ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ገና 9 ወይም 10 ዓመት ሳለ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ንገሩት፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ሌላ።