ኬሚስትሪን በኢንጂነሪንግ ዩኒቨርሲቲ፦ ሦስተኛ ዲግሪው ከአርሲ ማሳ ጋር ምን አገናኘው?

በአሰላና በአካባቢዋ ኬሚስትሪ ለሚያስተምርና ሁለተኛ ዲግሪውን ለጨረሰ ወጣት የሦስተኛ ዲግሪ በር ቀድሞ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ትምህርት መስጠት የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታትም በአገር ውስጥ ሌላ አማራጭ አልነበረም። ዛሬ ግን ከአሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በተግባራዊ ኬሚስትሪ እስከ ዶክትሬት ያስተምራል።

ይህ ተቋም ለአሰላ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተመሠረተ፤ በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የአሁኑን ስያሜ አገኘ። ዛሬ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆኑት የአሰላ የግብርናና የጤና ትምህርት ክፍሎችም ቀድሞ በዚሁ ተቋም ሥር ነበሩ።

ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ መሐንዲስ በሚያሠለጥን ቤት ውስጥ ኬሚስትሪ ምን ይሠራል? መልሱ ከጥያቄው ዓይነት ይጀምራል። ኬሚስቱ አንድ ነገር ለምን እንደሚሆን ይመረምራል፤ የኬሚካል መሐንዲሱ ያንኑ ነገር በፋብሪካ መጠን፣ በተመጣጣኝ ዋጋና ያለአደጋ እንዴት ማምረት እንደሚቻል ይቀይሳል። ሁለቱ በአንድ ግቢ ሲገናኙ የዶክትሬት ተማሪው ጥናት ከተግባር የመራቅ ዕድሉ ይቀንሳል። በእርግጥ የግቢው ቅርበት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ዋናው የተመረጠው ጥያቄ ነው።

ለዚህ የቢራ ገብስ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአሰላ ብቅል ፋብሪካ ገብሱ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ እንዲበቅል ይደረጋል፣ ከዚያም በሙቅ አየር ይደርቃል። ገብሱ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ለመለወጥ ያዘጋጁታል። ለብቅል የሚፈለገው ገብስ የፕሮቲን መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 በመቶ ነው። ፕሮቲኑ ከዚህ ሲያልፍ ከብቅሉ የሚገኘው ስኳር ያንሳል፤ ቢራውም ይደፈርሳል። ገበሬው ምርት ይጨምርልኛል ብሎ ዩሪያውን ሲያበዛ ወይም ዘግይቶ ሲበትን፣ በዩሪያው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ ፍሬው ገብቶ ፕሮቲኑን ከፍ ያደርገዋል። በዓይን ሲታይ ያማረ ገብስ በመለኪያ ሊወድቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ዩሪያው ስንት ሲሆንና መቼ ሲበተን ምርቱም ጥራቱም ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ ለአንድ ዶክትሬት ይበቃል።

አፈሩም የራሱ ጥያቄ አለው። የአርሲ ደጋ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በስዊድን ድጋፍ በተቋቋመው በካዱ አማካይነት፣ ማዳበሪያን በስፋት ከተዋወቁ የአገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ አፈሩ ወደ አሲዳማነት ሲያዘነብል፣ በተለይም ፒኤቹ ከ5 ነጥብ 5 በታች ሲወርድ፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥርን ያቀጭጫል። ፎስፈረሱም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ስለሚቆራኝ ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። መፍትሔው ኖራ መሆኑ ይታወቃል፤ ይሁንና ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚፈልግ ማጓጓዣው ያስቸግራል። ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1 ነጥብ 5 ሚሊ ግራም በሊትር መጠን ያልፋል፤ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል። የተቃጠለ አጥንት ፍሎራይዱን ከውኃ ይስባል። አጣሪው ሲጠግብ በምን ይታደሳል፣ ወጪውንስ መንደሩ ይችለዋል ወይ የሚለው ግን የኬሚስቱም የመሐንዲሱም ሥራ ነው።

አመልካቹ ሁለተኛ ዲግሪ፣ የአገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ውጤትና የጥናት ሐሳብ ይዞ ይቀርባል። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ይፈጃል ቢባልም ብዙዎች ከዚያ በላይ ይቆያሉ። በመጀመሪያ የክፍል ትምህርት አለ፤ ቀጥሎ የጥናት ንድፉ በመምህራን ፊት ይገመገማል፤ ከዚያ የቤተ ሙከራው ዘመን ይመጣል። ውጤቱ በታወቁ መጽሔቶች መታተምና በመጨረሻም በፈታኞች ፊት መከላከል አለበት።

ጊዜውን የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ የተማሪው ስንፍና አይደለም። ኬሚካሉ በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ ይመጣል፤ መሣሪያው ሲበላሽ መለዋወጫው ወራት ይወስዳል፤ አንዳንዱ ናሙና ለምርመራ ባሕር ማዶ ይላካል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተማሪው በመምህርነት ደመወዙ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ስለዚህ አመልካቹ ለጥናቱ የሚያስፈልገው መሣሪያ በእርግጥ መሥራት አለመሥራቱን፣ አማካሪው ስንት ተማሪ እንደያዘና የምርምር በጀት መኖሩን ሳይመዘገብ በፊት መጠየቁ ብልህነት ነው።

አርሶ አደሩም የሚጠይቀው ነገር አለ። ለጥናት የአፈር ናሙና ሲወሰድ ከማሳው ከተለያዩ ቦታዎች፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ተቆፍሮ መደባለቅ ይኖርበታል፤ አመድ ከተደፋበት ወይም ፍግ ከተከመረበት ቦታ መወሰድ የለበትም። ናሙናውን የሰጠው ገበሬ ፒኤቹ ስንት እንደሆነና ለማሳው ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልግ በሚያነብበት ቋንቋ ተጽፎ እንዲመለስለት ናሙናውን ለወሰደው ተማሪ በዚያው ዕለት ሊነግረው ይችላል።