ከማማው ሥር የሚያድረው

ጥቅምት ሲገባ የሸዋ ሮቢት ማሽላ ራሱን ያዘነብላል። በዚያ ሰሞን የይፋት ቆላ ገበሬ ቤቱ አያድርም፤ ማሳው መሃል ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፉን አንገቱ ላይ ጥሎ እህሉን ከአውሬ ይጠብቃል። ከማማው ሥር፣ እሳት ነድዶበት ባደረ አመድ ላይ ተጠቅልሎ የሚተኛ ቀላ ያለ ውሻ አለ። የዛሬው ትውውቅ ከእርሱ ጋር ነው።

ዝርያውን ቢጠይቁት ባለቤቱ «የአገር ውሻ ነው» ብሎ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን ከ350 በላይ ዝርያዎችን መዝግቧል፤ ከኢትዮጵያ ግን አንድም የለበትም። መልኩን ግን አንዴ ያየ አይስተውም፦ ጠጉረ አጭር፣ ወገበ ሸንቃጣ፣ እግሩ መለል ያለ፣ ቀለሙ ከደረቀ የማሽላ አገዳ የማይለይ። ማንም መርጦ አላዳቀለውም። መራጩ ቆላው ራሱ ነው፤ ሙቀቱን ያልቻለ፣ በጥቂት ምግብ ብዙ መሮጥ ያቃተው፣ ነብር ሲመጣ ያንቀላፋ ሁሉ ዘር ሳይተካ ቀርቷል።

አዳኝ ውሻ ቢባልም ለሥጋ የሚያድን አይደለም። ዋናው ባላጋራው ከርከሮ ነው፤ የከርከሮ ሥጋ ደግሞ በይፋት ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እርም ነው። ሥራው ማባረር ነው። የአገሪቱም ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን ይከለክላል። ስለዚህ ጎበዝ የሚባለው ውሻ ብዙ የገደለው ሳይሆን፣ አውሬውን ከማሳው አስወጥቶ ድንበሩ ላይ ሲደርስ የሚመለሰው ነው። መመለስን ማስተማር «ያዘው!» ብሎ ከመልቀቅ ይከብዳል፤ ከቡችላነት ጀምሮ፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር ለመጣበት ቁራሽ እየሰጡ ካላስለመዱት፣ በኋላ አይሆንም።

ጠባዩ በደንብ የሚታየው ከሦስቱ ጠላቶቹ ጋር ሲገጥም ነው። ከርከሮ ሲሸሽ ጅራቱን ሽቅብ ቀጥ አድርጎ ይሮጥና ጉድጓዱ ሲደርስ ዞሮ በኋላው ይገባል። አፉና የታችኛው ስለታም ክራንቻው ወደ ውጭ ይቀራሉ። ልምድ ያለው ውሻ ከጉድጓዱ አፍ ራቅ ብሎ ይጮሃል እንጂ ጭንቅላቱን አያስገባም። ዝንጀሮ በቀን ይመጣል፤ የወንዱ ክራንቻ ከውሻው ይረዝማልና ብቻውን የገጠመ ውሻ ተሸናፊ ነው። ሁለት ውሻ ማሰማራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጃርት ደግሞ የሌሊት ነው። እሾሁን ይወረውራል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ድንገት ወደ ኋላ በመንደርደር ነው የሚወጋው። ያልለመደ ቡችላ ሲነጋ አፍንጫውና ከንፈሩ ላይ ጥቁርና ነጭ እሾህ ተሰክቶበት እየተንሰቀሰቀ ይመለሳል። ያኔ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በጉልበቱ መሃል አጥብቆ ይይዝለታል፣ ሌላው በጉጠት ከሥሩ ይዞ በገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጎ ይነቅለዋል። ከተሰበረ ውስጡ የቀረው ይመግላል።

የኮንጎው አዳኝ ውሻ ባሰንጂ እንደ ሌላ ውሻ ስለማይጮህ የት እንዳለ እንዲታወቅ አንገቱ ላይ የእንጨት ደወል ያስሩለታል። የይፋቱ ደወል ግን ጩኸቱ ነው። ማማ ላይ የተኛው ባለቤት ለመንገደኛ የጮኸውን ለአውሬ ከጮኸው በድምፁ ይለየዋል።

ውሻው ከማማው ሥር የሚያድርበት ሌላም ምክንያት አለ። ብዙ ሙስሊም በሚኖርበት በዚህ አገር ውሻ ቤት አይገባም፤ በሻፊዒ መዝሀብ ምራቁ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር፣ ይታጠባል። ነገር ግን ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ መያዝ በሐዲስ ተፈቅዷል፤ የሠለጠነ ውሻ የያዘው አደንም በሱረቱል ማኢዳ 4ኛ አንቀጽ ተጠቅሷል። ከቤት ውጭ ያለው ቦታው ንቀት አይደለም።

አያያዙ ላይ ግን ቅር የሚለኝ አለ። ኃይለኛ ይሆናል ተብሎ የቡችላው ጆሮ ይቆረጣል። ጆሮው ድምፅ ወደመጣበት የሚያዞረው መሣሪያው ነው፤ ጨለማ ውስጥ ማሽላ ሲሰበር በመስማት የሚኖርን እንስሳ ጆሮ መቁረጥ የገዛ ዘበኛን እንደማደንቆር እቆጥረዋለሁ።

ሁለተኛው ሽንኩርት ነው። ሸዋ ሮቢት የምትታወቅበት ይህ ሰብል ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራል፤ በየቀኑ የሚጣልለት የወጥ ትራፊ ቀስ በቀስ ያደክመዋል። ቂጣ በአጓት ቢፈተፈትለት ይሻለዋል። በግ ወይም ፍየል ሲታረድ ሳንባና ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ከታየ ለውሻ አይጣል፤ ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር። ከእባጩ የሚያገኘው ትል እንቁላሉን በኩሱ ይበትናል፣ ያ እንቁላል ወደ ሰው አፍ ከገባ ተመሳሳዩን እባጭ በሰው ጉበት ላይ ያበቅላል። ውሻ እንደ ሰው ስለማያልበውም ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው፤ በቀትር የሚሮጥ ከሆነ ጥላና ውሃ ከምግብ ይቀድማሉ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይጀመራል፣ በየዓመቱም ይደገማል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ አለበት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም። ነገሩ በይፋት ብቻ አያበቃም። ከቆላው በላይ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ የመንዝ ጓሳ አለ፤ በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ ለአካለ መጠን የደረሱ ብቻ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። በባሌ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ተላልፎ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ማሽላው ታጭዶ ማማው ሲፈርስ የቆላው ውሻ ሥራም ቀለብም ያጣል፣ መዞርም ይጀምራል። ክትባቱ መሰጠት ያለበት ከዚያ በፊት፣ ገና አመዱ ላይ ተኝቶ ስሙ ሲጠራ በሚመጣበት በጥቅምት ነው።